ጅራት ያላበቀለው ደም

«አጋሙ ሰው ይመርጣል» ይላሉ ጋሽ ደምመላሽ። ትናንት ብለዋል፣ ዛሬም አሉ፣ ነገም ማለታቸው አይቀርም። የጥላ ሰፈርን የአየር ቧንቧ ከመጀመሪያዋ ብሎን ጀምሮ የሚያውቁት እሳቸው ስለሆኑ «ኧረ ተዉ» ብሎ የሚደፍራቸው የለም። ወሬያቸውም በቧንቧው ውስጥ የሚነፍስ ይመስል፣ ማለዳ መጠጫ አዳራሽ የተባለው ምሳ ሳይደርስ በረዶ ቆፋሪዎቹ ዘንድ ይሰማል።

«ላንዱ ይሠራል፣ ላንዱ አይሠራም። ምን ይደረግ? ተክል ነው፤ ዓይን አለው» ይላሉ ብርጭቋቸውን በጣታቸው እያሽከረከሩ።

ስመኝ ከቤተ ሙከራዋ መስታወት ጀርባ ሆና ትሰማለች። ተክል ዓይን የለውም። ይህን ለማወቅ ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም፤ እሷ ግን በዚያ ላይ ሳይንቲስት ነች።

ጥላ ሰፈር ያለችው በጨረቃ ደቡባዊ ጫፍ፣ ፀሐይ ገብታበት በማታውቅ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ነው። የሰዉ ሥራ በረዶ መቆፈር ነው። ውጭ ጨረር አለ። አይታይም፣ አይሸትም፣ አያቃጥልም፤ ዝም ብሎ ህዋስ ውስጥ ይገባና ዘረመልን፣ ያን ከእናት ከአባት የሚወረሰውን ረጅም ክር፣ ይበጣጥሰዋል። ስለዚህ የአዳራሹ መብራት ማለዳ ሲመስል ሰው ሁሉ ተሰልፎ አንድ ብርጭቆ ንጥር ይጠጣል። ንጥር የሚሉት ከአጋም ፍሬና ቅጠል ተፈጭቶ፣ በአልኮል ታጥቦ፣ ተጣርቶ የሚወጣውን ወይን ጠጅ ቀለም ፈሳሽ ነው።

ከጠጡ በኋላ ቆየት ብለው በመስታወቱ ቀዳዳ ጣታቸውን ይሰጣሉ። አንዲት ጠብታ ደም ወደ ጨረር ሳጥኑ ትገባለች። ሳጥኑ አያዳላም፤ የሁሉንም ደም በእኩል ጨረር ይመታል። ከዚያ አንባቢው መሣሪያ ህዋሶቹን አንድ በአንድ ያሳያል። ዘረመሉ የተረፈለት ህዋስ ድቡልቡል ነው። የተበጣጠሰበት ግን ቁርጥራጩ ወደ ኋላ ይጎተትና ቁርጥ ጅራታም ኮከብ ይመስላል። ጥላ ሰፈር ውስጥ ሰው የሚገናኘው «ጅራትሽ እንዴት አደረ?» እየተባባለ ነው።

«ከድር፣ ዛሬም ጅራት የለህም» አለችው ስመኝ፣ የሩቁን ጉድጓድ መኪና የሚነዳውን ረጅም ልጅ።

«ቆንጆ ሰው ጅራት ምን ያደርግለታል?»

«ዝንብ ያባርርበታል።»

«ጨረቃ ላይ ዝንብ የለም።»

«አንተ ካለህ ትመጣለች።»

ከድር እየሳቀ ሄደ። ከኋላው ጣቷን የሰጠችው ቆፋሪዋ ዙፋን ነበረች። ያው ንጥር፣ ያው ብርጭቆ፣ ያው መጠን፤ የዙፋን ህዋሶች ግን ጅራታቸውን እየጎተቱ ስክሪኑን ሞሉት። ስመኝ ጥርሷን ነከሰች። ብርጭቆዎቹ የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ሚዛን አለው፤ የዙፋን ብርጭቆ ሙሉ ሄዶ ባዶ ተመልሷል። ታዲያ የገባው ንጥር የት ገባ?

ውጤቶቹን በአንድ ሥዕል ላይ ስታስቀምጣቸው ለዶሮ የተበተነ ጥሬ ይመስላሉ። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። በዚህ ሥዕል ፊት የጋሽ ደምመላሽ ወሬ ከሷ ሳይንስ ይልቅ እውነት መምሰሉ ነበር የሚያንገበግባት።

ደግሞ የምትንገበገብበት ጊዜም አልነበራትም። ከምድር የጤና ሸንጎ ዶክተር ሀዊ የተባለች መርማሪ መጥታለች። አጋሙ የሚበቅልበት ዋሻ በሰፈሩ ከሁሉ የሚሞቀው ዋሻ ነው፤ የበረዶ ማቅለጫ ጋን ሊተክሉበት ሲጎመጁ የኖሩ አሉ። ንጥሩ እንደሚሠራ በዚህ ጉብኝት ካልተረጋገጠ አጋሙ ይነቀላል፤ ሰዉም ከምድር በሚጫን ኪኒን ይተዳደራል። ኪኒኑን የሞከሩት ቀኑን ሙሉ አቅለሽልሿቸው ውለዋል።

ስመኝ ሀዊን ዋሻው ውስጥ አስገብታ አሳየቻት። ዘሩን ከምድር ያመጣችው፣ አፈሩን ከጨረቃ አቧራና ከወጥ ቤት ትራፊ የሠራችው እሷ ነች። ምድር ላይ ከሰው ቁመት ብዙም የማያልፈው ቁጥቋጦ፣ እዚህ ክብደቱ ሲቀልለት ጣሪያ ነክቷል። እሾሁም አብሮ ረዝሟል፤ የለቃሚውን ማሽን የጎማ ጣቶች በየጊዜው ይበሳል። ከነጫጭ አበቦቹ የሚወጣው ሽታ ማሽን ማሽን ከሚሸተው ሰፈር ሁሉ ለብቻው ነው። ጥቁር ሐምራዊ ፍሬዎቹ በየቅርንጫፉ ተንዠርግገዋል።

«ያምራል» አለች ሀዊ። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ጥያቄዋ ግን ይዋጋል። «ግን ዶክተር ስመኝ…»

«ዶክተር አይደለሁም። ስመኝ በይኝ… ይቅርታ፣ ይበሉኝ።»

«አንቺ ይሻላል፤ እርስዎን ለደብዳቤ እንተወው። እሺ ስመኝ፣ አንድ መድኃኒት፣ አንድ መጠን፣ ግን እንደ ሰዉ ብዛት የተለያየ ውጤት። ይህን ሸንጎ ፊት ምን ብዬ ላቅርበው? አጋሙ ሰው ይመርጣል ልበል?»

«ከማን ሰማሽው?» አለች ስመኝ ፊቷ ቀልቶ።

«ከመርከቡ ወርጄ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ነው የነገሩኝ።»

ስመኝ አንድ ቅርንጫፍ ያዝ አድርጋ ለቀቀች። «ይሠራል። ለምን እንደሚበታተን አላውቅም እንጂ እንደሚሠራ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው እንፈትነው» አለች ሀዊ። «እኔ ንጥሩን አልጠጣም። ብርጭቆዬ ውስጥ ውሃ አድርጊልኝ። የእኔን ደም ከጠጡት ጋር አስተያዪው።»

እስከዚያ ቀን የማትጠጣው ስመኝ ብቻ ነበረች። አንድ ሰው ሳይጠጣ መቅረት አለበት፤ አለበለዚያ የጠጡትን ከምን ጋር ታወዳድራቸዋለች? ስለዚህ የራሷን ንጥር ጣዕም እንኳ አታውቀውም። መሣሪያው ጤነኛ መሆኑን የምታረጋግጠውም ማለዳ ማለዳ፣ ጋሽ ደምመላሽ ቧንቧ ሊያዩ ሲገቡ የሚያስቀምጡላትን ከርከዴ እየጠጣች፣ በራሷ ደም ነው። የሷ ህዋሶች ሁሌም ጅራት አላቸው፤ ይህ ቅር አሰኝቷት አያውቅም። እንዲያውም ትኮራበታለች።

በማግስቱ የሀዊ ጠብታ ወደ ሳጥኑ ገባች። ስመኝ ስክሪኑን አየች። ዓይኗን አሽታ ደግማ አየች። የሀዊ ህዋሶች እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብለው ተደርድረዋል። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ይልቅ፣ ከከድርም ይልቅ፣ ውሃ የጠጣችው እንግዳ ጅራት አላበቀለችም!

«መሣሪያሽ ተበላሽቷል» አለች ሀዊ ከትከሻዋ በላይ እያየች። እንዲህ ስትል ግን ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች።

ስመኝ ሳጥኑን ፈታች። ጨረር ማመንጫውን ጠረገች፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካካች፣ መልሳ ገጠመች። የራሷን ደም አስገባች፤ ጅራት። የዙፋንን አስገባች፤ ጅራት። የሀዊን አስገባች፤ ዶቃ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጋሽ ደምመላሽ በሩ ላይ ቆመው «አላልኩም?» ብለው አለፉ። ስመኝ የያዘችውን መፍቻ ልትወረውርባቸው ምንም አልቀራትም ነበር፤ ግን እዚህ የተወረወረ ነገር ቶሎ አይወድቅምና ደርሶ እስኪመታቸው ንዴቷ ይበርዳል።

መፍቻውን አስቀመጠችና ወደ ሀዊ ዞረች።

«ሀዊ፣ ጠዋት ምን ጠጣሽ?»

«ውሃ።»

«ሌላስ?»

ሀዊ የለበሰችውን ነጭ ጋውን ቁልፍ ነካካች።

«ሌላስ?»

«ሰጡኝ» አለች ቀስ ብላ።

«ማን?»

«ሁሉም! እንግዳ ሆነሽ ባዶ ውሃ እንዴት ትጠጫለሽ አሉኝ። ያች ዙፋን የምትሏት «በሞቴ» አለችኝ። አንዴ ተጎነጨሁላት። ያንን ያየው ደግሞ «የሷን ጠጥተሽ የኔን ልትንቂ ነው?» አለ። ሥራዬን አውቃለሁ ስመኝ፤ ስንት አገር መርምሬያለሁ። ግን «አፈር ስሆን» እያለ ብርጭቆ አፍሽ ላይ የሚይዝን ሰው እንዴት አድርገሽ ነው ፈተና ላይ ነኝ የምትዪው?»

ስመኝ መሳቅ ጀመረች፤ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሀዊ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥሎ እሷም ሳቋን መያዝ አቃታት።

በሚቀጥለው ማለዳ ስመኝ ከመስታወቱ ጀርባ ወጣች። እስከዚያ ድረስ የሰፈሩን ሰው የምታውቀው በደሙ ነበር፤ አሁን አዳራሹ ጥግ ተቀምጣ ፊቱን አየችው። ሰዉ መጀመሪያ ተሸማቀቀ። አንድ ጊዜ አንዲት ጠብታ ንጥር መሬት ላይ ስትፈስ ስመኝ የጮኸችውን ጩኸት የረሳ የለም። ጥቂት ቆይቶ ግን ልማዱ አሸነፈው።

ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ይንቆረቆራል። በጨረቃ ላይ የሚቀዳ ነገር እንደ ማር ተንጠልጥሎ ነው የሚወርደው፤ እነሱ ግን ለምደውታል፣ አንዲት ጠብታ አያመልጣቸውም። ራቅ ወዳለው ጉድጓድ የሚሄድ ሰው ካለ ይጨመርለታል። ጉንፋን የያዘው ካለ ይጨመርለታል። ዙፋን ሦስት ጊዜ ተጎነጨችና የቀረውን ከድር ብርጭቆ ላይ ገለበጠችው።

«በቃኝ አልኩሽ እኮ!»

«ዝም ብለህ ጠጣ፣ ሩቅ ነው የምትሄደው።»

«የሌላው ሁሉ አለብኝ፣ ሆዴ ሊፈነዳ ነው!»

«ይፈንዳ! እናትህ ብትኖር ትተውህ ነበር?»

ከዚያ ዙፋን ባዶ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሚዛኑ ብርጭቆው ባዶ መሆኑን መዘገበ። ማን ሆድ ውስጥ እንደገባ ሚዛን ምን ያውቃል?

ስመኝ ተነሥታ ቆመች። «አጋሙ አይደለም ሰው የሚመርጠው» አለች ጮክ ብላ። «እናንተ ናችሁ!»

ሰዉ ብርጭቆ ብርጭቆውን አየ። አንድ ሰው ሳል ቢጤ አሰማ።

ቀላሉ ነገር እዚህ ላይ አለቀ። አሁን ማን ምን ያህል እንደጠጣ ማወቅ አለባት፤ ያን ካወቀች ያ የተበተነ ጥሬ ይሰበሰባል። አንድ በአንድ እየጠራች ጠየቀች።

«ለማን ሰጠሽ?» አለቻት ዙፋንን።

«እኔ? ለማንም።»

«በዓይኔ አየሁሽ።»

«ተሳስተሽ ይሆናል።»

«ከማንስ ተቀበልሽ?»

እዚህ ጋ የዙፋን ምላስ ተፈታ። ባለፈው ሳምንት አሟት እያለ ማን ስንት ጉንጭ እንደሰጣት፣ ማን በግድ እንዳጠጣት፣ ማን ብርጭቆውን እንዳለ ሰጥቷት እንደሄደ፣ ከነቃሉ ዘረገፈችው። ሌሎቹም እንደዚያው። የሰጠ አንድ ሰው ጠፋ፤ የተቀበለ ግን ሞልቷል። የሰጠውን የሚቆጥር ሰው በነሱ ዘንድ ሰው አይደለም፤ የተቀበለውን የሚረሳም እንደዚያው። ስመኝ ተቀባዮቹን ብቻ ይዛ ሰጪዎቹን ማግኘት ነበረባት፤ አገኘቻቸውም።

ጋሽ ደምመላሽ ብቻ ለመያዝ አስቸገሩ።

«ጋሽዬ፣ ከድር ከእርስዎ እንደሚቀበል ነግሮኛል።»

«ከድር ልጅ ነው፤ ልጅ ብዙ ይላል።»

«በየቀኑ ግማሹን ይሰጡኛል ነው ያለው።»

«እኔ ጠብታ ሰጥቼ አላውቅም።»

«ከሰው ተቀብለውስ?»

«ማን ደፍሮኝ!» አሉና ጣሪያውን አዩ። «ያ ቧንቧ ያፈሳል መሰለኝ። ልሂድ።»

ቧንቧው አያፈስም ነበር።

«ጉንጭ መለኪያ አይደለም» ስትል ሀዊ ተከራከረች፤ ልክ ነበረች። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በተራ ውሃ እየተጎነጨ መለኪያ ውስጥ እንዲተፋ ተደረገ። እንዲህ ያለ ሳቅ በጥላ ሰፈር ተሰምቶ አይታወቅም። የከድር ጉንጭ የሁለት ሰው ሆኖ ተገኘና ስም ወጣለት።

ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። ስመኝ ነጥቦቹን በብርጭቆ ሳይሆን በሆድ ልክ አስቀመጠቻቸው። የተበተኑት ነጥቦች እንደ ተጠሩ ሁሉ ሰልፍ ገቡ። ብዙ የጠጣ ጅራቱ አጭር፣ ጥቂት የጠጣ ጅራቱ ረጅም። ጫፍ ላይ ሀዊና ከድር። ታች፣ ዜሮ ላይ፣ ስመኝ። በመካከላቸው የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ በጥሩ መስመር።

ሀዊ ቀኑን ሙሉ መስመሩን ልታፈርሰው ታገለች። አንዱን ነጥብ አወጣች፤ አልፈረሰም። ሌላውን አወጣች፤ አልፈረሰም።

«ይቺስ?» አለች በመጨረሻ። አንዲት ነጥብ ከሰልፉ ወጥታ፣ ከስመኝም ዝቅ ብላ ተቀምጣለች።

«ጋሽ ደምመላሽ ናቸው። ግማሽ ብርጭቆ ነው የሚጠጡት፤ ጅራታቸው ግን ከኔም ይረዝማል። የዕድሜ ነገር ነው፤ የሽማግሌ ህዋስ ራሱን ቶሎ አይጠግንም።»

«ይሁና» አለች ሀዊ። በአንዲት ነጥብ መስመር አይፈርስም። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። «ስመኝ፣ እንዲህ ያለ ፈተና ለማድረግ ብንጠይቅ ማንም አይፈቅድልንም ነበር። ለአንዱ መከላከያ ቀንሶ ለሌላው መጨመር! እነዚህ ሰዎች ግን ሳያውቁት አደረጉልን። ዋሻው ይቆያል።»

ስመኝ ጀርባዋን ሰጥታ መስታወት መጥረግ ጀመረች፤ መስታወቱ ንጹሕ ነበር።

«ግን» አለች ሀዊ፣ «ብርጭቆዎቹ ክዳን ያስፈልጋቸዋል። የባለቤቱን ከንፈር ብቻ የሚያውቅ ክዳን።»

ስመኝ ዞረች። «ክዳን ብታደርጊበት በማንኪያ ይሰጣጣሉ። ማንኪያ ብትከለክዪ በጣታቸው ያቀምሳሉ። እነዚህን አታውቂያቸውም… ደግሞስ ማን ነው የሚያወራው? አፈር ስሆን ያሏትን ሁሉ ጠጥታ የመጣች!»

«እሺ፣ እሺ! ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እንጨምርላቸዋ። የሚጠጣ ድርሻ አለ፤ የሚሰጥ ድርሻም ይኑር። ሰጥተውም ለራሳቸው የሚበቃ ይትረፍ።»

ሀዊ ወንበሯን መልሳ አስጠጋች። ከዚያ በሸንጎው ሪፖርት ላይ ሳይንስ ከዚያ በፊት ጽፎት የማያውቀውን ቃል ጻፈች፤ «የሚሰጥ ድርሻ።» ጋኖቹ ሌላ ቦታ ተፈለገላቸው። አጋሙ ወደ ጎረቤት ዋሻ ተስፋፋ፤ ብርጭቆዎቹ በትልልቅ ተቀየሩ። በሚቀጥለው ለቀማ ጊዜ በሰፈሩ ውስጥ ረጅም ጅራት የሚጎትት ቆፋሪ አልነበረም። ዙፋን ድቡልቡል ህዋሶቿን ያየች ዕለት ምስሉን አሳትማ ከመኝታዋ በላይ ለጠፈችው።

የስመኝ ጽሑፍ ምድር ላይ ታተመ። ማርስን የሚዞሩት ጣቢያዎች ሳይቀሩ ዘር ላኩልን እያሉ ጻፉላት። ስመኝ እያንዳንዱን ደብዳቤ «እሺ» ብላ ከመመለሷ በፊት ጥቂት ቀን ታስጠብቃለች፤ ኩራት ነው፣ ምን ይደረግ።

ጋሽ ደምመላሽ ወደ ምድር የሚመለሱበት ቀን ደረሰ። ጡረታ ወጥተዋል። ሰዉ ሁሉ ሊሸኛቸው መርከቡ በር ድረስ መጥቶ ተቃቅፎ ተሳስሞ ሲያበቃ ስመኝ የመጨረሻዋ ሆነች።

«አሁን እንኳ ይንገሩኝ» አለቻቸው። «ምን ያህል ነበር የሚሰጡት?»

«አሁን ምን ይሠራልሻል?»

«ምንም አይሠራልኝም። ነገሩ አልቋል፣ ታትሟል፣ ዋሻውም ተርፏል። እንዲያው ልወቀው ብዬ ነው።»

ጋሽ ደምመላሽ የጉዞ ልብሳቸውን ዚፕ እየዘጉ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲህ እየሄድኩ አይደል። ግማሹን ለከድር። እሱ አልዋሸሽም።»

«ግማሹን ደግሞ ይጠጡታል።»

«ግማሹን ላንቺ።»

«ለኔ? እኔ እኮ አልጠጣም!»

«አልጠጣም ስላልሽ እኮ ነው! ውጭ ባትወጪም ያን የጨረር ሳጥን ታቅፈሽ ነው የምትውዪው። ሰው ሁሉ ሲጠጣ አንቺ ብቻ ደርቀሽ ስትቀሪ ዝም ልበል? ጠዋት ቧንቧሽን ልይ እያልኩ ገብቼ የማስቀምጥልሽ ሻይ ከርከዴ መስሎሽ ነው? ምነው ልጄ፣ ጨረቃ ላይ ከርከዴ ከየት ይመጣል?»

ስመኝ የሻዩን ቀለም አስታወሰች። 

«ታዲያ እርስዎ…» አለች።

«እኔ ከጣሪያ በታች የምውል ሰው ነኝ፤ ምን እሆናለሁ? በይ ደህና ሁኚ፣ የኔ እናት። ያን ሦስተኛውን ቧንቧ አደራ።»

በሩ ተዘጋ። መርከቡ ያለ ድምፅ ተነሣ። ስመኝ መስኮቱ ጋ ቆማ በልቧ ሒሳቡን ሠራች። የሚታረም ነገር የለውም፤ ንጥሩ እሷ ከጻፈችው ይበልጥ እንጂ ያነሰ አይሠራም። ማንም አልተጎዳም፣ ማንም አይጠይቅም። በታተመው ሥዕል ግርጌ፣ ምንም ያልጠጣ ሰው ተብሎ ዜሮ ላይ የተቀመጠው ነጥብ ግን የሷ አልነበረም። ዜሮው ጋሽ ደምመላሽ ነበሩ።